ከውጭ የመጣ አምፕሊፋየርና ቴፕ ከመሰካቱ በፊት
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግራችን ስለ ራሳችን ጥፋት ነው። አሜሪካ ያሉ ልጆቻችን አዋጥተው የላኩልንን አምፕሊፋየር ያቃጠልነው እኛው የኮሚቴ አባላት ነን። ስፒናው ለሶኬታችን አልገባ ቢለን ማገናኛ ገዝተን ሰካነው። ፊውዙ ተቃጠለ። እኛም ጎበዝ ነን ብለን በሽቦ ተክተን ደግመን ሰካነው። ያን ጊዜ ጭሱ አዳራሹን ሞላው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤታችን የሚገባው ኮረንቲ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። የአሜሪካው 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ሲሆን የጃፓኑ 100 ቮልት ነው። ስለዚህ በዕቃው ላይ ከሚችለው እጥፍ ገደማ ጫንበት ማለት ነው። ማገናኛ የስፒናውን ቅርጽ እንጂ ቮልቱን አይለውጥም።

እናንተ በእኛ ስሕተት ተማሩ፦

አንደኛ፣ የዕቃውን ጀርባ አንብቡ። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ አያሰጋም። የቮልት መምረጫ ካለው ሳይሰካ በፊት 220 ወይም 230 ላይ ይደረግ። 120 ብቻ ካለ ግን ያለ ትራንስፎርመር አይሰካ።

ሁለተኛ፣ ትራንስፎርመሩ ከ220 ወደ 120 የሚያወርድ፣ ዋቱም ከዕቃው የሚበልጥ ይሁን። 200 ዋት የሚፈጅ ዕቃ በ100 ዋት ትራንስፎርመር ላይ ቢሰካ ትራንስፎርመሩ ግሎ ይቃጠላል። የሚያወጣው 220 የሆነ ስታቢላይዘርም ይህን ሥራ አይሠራም።

ሦስተኛ፣ ትራንስፎርመር ኸርዙን አይለውጥም። ስለዚህ ሞተሩ በኸርዝ የሚሄድ የአሜሪካ ሸክላ ማጫወቻ፣ በደቂቃ 33 ጊዜ መዞር ሲገባው ወደ 28 ይወርዳል፤ ዘፋኙም ይጎተታል፣ ድምፁም ይጎረንናል። በኸርዝ የሚቆጥር የራዲዮ ሰዓትም በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ወደ ኋላ ይቀራል።

አራተኛ፣ ፊውዝ በሽቦ አይተካም። ፊውዝ የሚቃጠለው ዕቃውና ቤቱ እንዳይቃጠል ነው። ክዳኑን መክፈትም ለባለሙያ ይተው፤ ከሶኬት ተነቅሎም ቢሆን ኮረንቲ ውስጡ ሊቆይ ይችላልና።

ውጭ ያሉ ዘመዶቻችሁ ዕቃ እንልካለን ሲሏችሁ፣ ከምስጋናው ቀጥላችሁ «በ220 ይሠራል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህን አንድ ጥያቄ ብንጠይቅ ኖሮ ዛሬ የምናነጋግራችሁ በዚያው አምፕሊፋየር ነበር። የማስጠገኛውን ወጪ የኮሚቴው አባላት ከኪሳችን የምንሸፍን መሆኑን እንገልጻለን።