ሽምግልናው ሲራዘም የሚያልፍ ቀን
(ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት በተዘጋጀ የምክክር ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ሕፃን በአንድ የግል ክሊኒክ መቀመጫው ላይ መርፌ ከተወጋ በኋላ አንድ እግሩ ሰለለ። ወላጆቹ ወደ ንስሐ አባታቸው መጡ፤ ሽማግሌም ተቀመጠ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ እኔ ነበርሁ። ባለ ክሊኒኩ ይቅርታ ጠየቀ፣ የሕክምናውንም ወጪ ሊሸፍን ቃል ገባ፤ እኛ ግን ቃሉን በጽሑፍ አልያዝነውም። «ከፋሲካ በኋላ»፣ «ክረምቱ ይውጣ» እየተባለ ሁለት ዓመት ተኩል አለፈ። እናቲቱ ተስፋ ቆርጣ ፍርድ ቤት ስትቀርብ ተከሳሹ የይርጋ መቃወሚያ አነሣ፤ ክሱም በዚያው ተዘጋ።

በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2143፣ ከውል ውጭ ለደረሰበት ጉዳት ካሳ የሚጠይቅ ሰው ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን አንሥቶ በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲከስ ያዛል። ጊዜው የሚረዝመው ድርጊቱ የበለጠ ረጅም ይርጋ ያለው ወንጀል ሲሆን ነው። ይህን ከሽማግሌዎቹ አንዳችንም አናውቅም ነበር። ማስታረቅ የክህነታችን ግዴታ ነው፤ ዳሩ ግን ለዕርቁ ቀን ሊቆረጥለት፣ ቃሉም በፊርማና በምስክር ሊጸና ይገባ ነበር።

ስለ ካሳው መጠንም በምእመናን ዘንድ ሁለት ስሕተት አለ። አንዳንዱ ለሐዘኑ ሚሊዮን የሚፈረድለት ይመስለዋል፤ ሌላው «ሕጉ ከ1,000 ብር በላይ አይሰጥም» ብሎ መብቱን ይተዋል። የ1,000 ብሩ ጣሪያ በቁጥር 2116 የተጣለው በኅሊና ጉዳት ካሳ ላይ ብቻ ነው። ሕጉ ሲታወጅ ይህ ገንዘብ 400 የአሜሪካ ዶላር ያህል ነበር፤ ዛሬ ለተዝካር አንድ በግ እንኳ አይገዛም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ መብቱ ለተጣሰበት ደራሲ የኅሊና ካሳው ከ100,000 ብር እንዳያንስ ደንግጓል። የእናት ሐዘን በ1,000 ብር ተወስኖ መቅረቱ፣ በእኔ አስተያየት፣ ሕግ አውጪው ሊያርመው የሚገባ ጉድለት ነው።

ለቁሳዊ ጉዳት ግን እንዲህ ያለ ጣሪያ የለም። በቁጥር 2091 መሠረት ካሳው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ይኸውም የሕክምናና የመጓጓዣ ወጪን፣ የቀረ ደመወዝን፣ ወደፊት መድረሱ የማይቀረውንም ኪሳራ ይጨምራል። ታካሚው ቢሞት ባል ወይም ሚስት፣ ወላጆችና ልጆች ስለተቋረጠባቸው መተዳደሪያ ይጠይቃሉ። ስለዚህ ሊያጽናና የሄደ ካህን ከጸሎቱ በኋላ ደረሰኝ፣ የሐኪም ማዘዣና የሪፈር ወረቀት እንዳይጣል ቢያሳስብ መልካም ነው። የዚያ ሕፃን እናት ግማሹን ለእሳት ማቀጣጠያ አድርጋው ነበር።

በሌላ በኩል፣ ሐኪም ለመፈወስ ዋስ አይደለም። በቁጥር 2031 የሚጠየቀው የሙያውን ደንብ ተላልፎ ሲያጠፋ ነው፤ በተገቢው መንገድ ታክሞ የሞተ ሰው ቤተሰብ በሐኪሙ ላይ እንዳይነሣ ማረጋጋትም የእኛ ድርሻ ነው።

በመጨረሻ፣ ክሊኒክ ያላችሁ አጥቢያዎች ቁጥር 2651ን አንብቡ። ተቋሙ በሐኪሞቹና በረዳቶቻቸው ጥፋት በታካሚ ላይ ለሚደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን በመሆናችን አንዳች አይቀነስልንም። መርፌ የሚወጋው ሠራተኛ የሙያ ፈቃድ እንዳለው፣ የካርድ ክፍሉም መዝገቡን በአግባቡ እንደሚይዝ በሚቀጥለው ስብሰባችሁ አረጋግጣችሁ በቃለ ጉባኤ እንድታሰፍሩ እጠይቃለሁ።