የላቦራቶሪ ቆሻሻና የፎገራ ውሃ

የተከበራችሁ የጤና ጣቢያ ኃላፊዎች፣ የላቦራቶሪ ባለሙያዎች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ በተለይም የጽዳት ሠራተኞች፤ ዛሬ ወረታ የተሰበሰብነው ስለ ላቦራቶሪ ቆሻሻ አያያዝ ለመሠልጠን ነው።

የጽዳት ሠራተኞችን «በተለይም» ያልኩት ለይሉኝታ አይደለም። እንዲህ ባለው ሥልጠና ብዙ ጊዜ የሚጠራው ባለሙያው ነው፤ ከረጢቱን ተሸክሞ ጉድጓድ የሚወርደውን ሰው የሚያስታውሰው የለም። ክትባት ያልወሰደ ሰው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ባለበት መርፌ ቢወጋ፣ የመያዝ ዕድሉ ከመቶ እስከ 30 ሊደርስ ይችላል። የኤችአይቪ ዕድል ከሺህ ሦስት ገደማ ነው። እኛ ግን የምንፈራው ሁለተኛውን ነው። ስለዚህ ኃላፊዎች፣ ዛሬ ከሰዓት የምጠይቃችሁ የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ነው፦ የጽዳት ሠራተኞቻችሁ ሦስቱንም ዙር የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ጨርሰዋል?

ላቦራቶሪ ለዚህ አካባቢ የዋለው ውለታ አይረሳም። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከምና በፎገራ ሰው በትኩሳት ሲያልቅ፣ መጀመሪያ መድኃኒት የማይበግረው ወባ መስሎ ነበር። ካላዛር የተባለ ሌላ በሽታ መሆኑ የታወቀው በምርመራ ነው። ከምርመራው ጋር ግን ቆሻሻውም ይመጣል። አንድ የወባ ምርመራ ብቻ የጣት መውጊያ፣ ስላይድ ወይም ካሴት፣ ጥጥና ጓንት ትቶ ይሄዳል።

እዚህ የፎገራ ሜዳ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። የቆሻሻ አያያዝ መመሪያው የቆሻሻ ጉድጓድ ወለል ከከርሰ ምድር ውሃ ሁለት ሜትር ያህል ከፍ ይበል ይላል። እንደ ናበጋ፣ ዋገጠራና ሽና ባሉ ቀበሌዎች በነሐሴ ማን ሁለት ሜትር ደረቅ አፈር ያገኛል? የርብና የጉማራ ወንዞች ሲሞሉ፣ የጣና ሐይቅም ወደ ኋላ ሲገፋ፣ ውሃው ከታችም ከላይም ይመጣል። የ1998ቱን ክረምት ጎርፍ ያየ ሰው ማስረጃ አይጠይቅም። ጉድጓዱ ሲሞላ ሲሪንጁ ይንሳፈፋል፤ ተንሳፍፎም የሚያርፈው ሩዝ ማሳ ውስጥ ነው። አራሚው ደግሞ ጭቃ ውስጥ የሚገባው ባዶ እግሩን ነው።

እንግዲህ ለሌላ ወረዳ የተጻፈውን እንዳለ ገልብጠን አንሠራም። ሜዳው ላይ ያለ ጤና ጣቢያ ስለታማውን ቆሻሻ በሲሚንቶ በተለበጠ፣ አፉ ከጎርፉ ከፍታ በላይ በወጣ ጉድጓድ ያስቀምጥ። ይህ ካልተቻለ ስለታማው የሚጣልበት ሴፍቲ ቦክስ ታሽጎ በዓለም በር አቅጣጫ ወዳለው ከፍ ያለ መሬት ይጓጓዝ። የመኪናውን ነዳጅ ማን ይችላል የሚለው ጭቅጭቅ እንደሚነሳ አውቃለሁ፤ ይነሳ።

ጉዳዩ የሚጀምረው ግን ከጉድጓዱ ሳይሆን ከጠረጴዛው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከጤና ተቋማት ከሚወጣው ቆሻሻ 85 በመቶ ገደማው ተራ ቆሻሻ ነው፤ ላቦራቶሪ ውስጥ ድርሻው ይለያል። ወረቀቱና ካርቶኑ ከደሙ ጋር ከተቀላቀለ ሁሉም አደገኛ ይሆናል። መርፌ ተመልሶ አይከደንም። ሴፍቲ ቦክስ ሦስት አራተኛው ሲሞላ ይዘጋል፤ በጣት ተገፍቶ «ትንሽ ይጨመርበት» የሚባል ነገር የለም። ጀርም ያደገበት ካልቸር በ121 ዲግሪ አውቶክሌቭ ተደርጎ ነው ከክፍሉ የሚወጣው።

በረኪናንም እናንሳ፤ ሁሉን ያድናል ብለን የምናምነው ነገር ነውና። በረኪና የነካው ዕቃ አውቶክሌቭ ውስጥ አይገባም። አንዳንድ የጂንኤክስፐርት ምርመራ ካርትሪጆች፣ ለምሳሌ የኤችአይቪ ቫይራል ሎዱ፣ ጓኒዲን ቲዮሳይኔት የተባለ ኬሚካል አላቸው፤ በረኪና ሲፈስበት መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ካርትሪጁን ሜዳ ላይ ማቃጠልም መፍትሔ አይደለም። ለብቻው ተለይቶ፣ በከፍተኛ ሙቀት ወደሚያቃጥል ማቃጠያ ይላካል።

ከሻይ በኋላ በየቡድናችሁ የየጤና ጣቢያችሁን ግቢ በወረቀት ንደፉ፦ የቆሻሻ ጉድጓዱ የት ነው፣ የውሃ ጉድጓዱስ፣ ጎርፉ በየት ይገባል? የጽዳት ሠራተኞች እርሳሱን እናንተ ያዙ። ሥልጠናው በይፋ ተከፍቷል።