ጦስኝ፤ የደጋው መድኀኒት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድናገርበት የመረጥሁት ርእስ በተራራ ላይ የሚበቅል አንድ ትንሽ ቅጠል ነው። ስሙ ጦስኝ ይባላል። በሻይ የጠጣችሁት፣ በበርበሬና በሽሮ ውስጥም የቀመሳችሁት ብዙዎች ናችሁ። ነገር ግን አንድን ነገር ዘወትር መቅመስና ጠባዩን መርምሮ ማወቅ የተለያዩ ናቸው። ስለዚህ ጥቂት ጊዜ እንድትሰሙኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ጦስኝ ከመሬት ብዙም ከፍ የማይል፣ ግንዱ ቀጭንና ጠንካራ፣ ቅጠሉ ደቃቅ፣ አበባው ሐምራዊ የሆነ ተክል ነው። እንደ ጤፍና እንደ ስንዴ በየዓመቱ የሚዘራ አይደለም፤ ሥሩ ሳይሞት ከዓመት ወደ ዓመት ይሻገራል። የሚበቅለውም በደጋና በውርጭ አገር፣ ይኸውም በሰሜን ተራሮች፣ በመንዝ፣ በወሎና በባሌ ከፍታዎች ነው። የዕፀዋት ሊቃውንት ከበሶብላና ከዳማ ከሴ ጋር በአንድ ቤተ ሰብ ይመድቡታል። በአገራችን ሁለት ዐይነት ጦስኝ አለ። አንደኛው በሳይንስ ስሙ የሚጠራው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1837 ወደ አገራችን መጥቶ፣ በ1878 እስኪሞት ድረስ ዕፀዋት ይሰበስብ በነበረው በጀርመናዊው በሺምፐር ነው።

ሕዝባችን ጦስኝን ለሳል፣ ለጉንፋን፣ ለራስ ምታትና ለሆድ ቁርጠት ይጠጣዋል። በብዙ ስፍራም ለደም ግፊትና ለስኳር በሽታ ይፈለጋል። ቅጠሉ ከነአበባው ተለቅሞ በጥላ ይደርቃል፤ ውኃው ከፈላ በኋላ ይጨመርና ተከድኖ ጥቂት ይቆያል። ይህ አሠራር ያለ ምክንያት አይደለም። የጦስኝ ኀይል ያለው በቅጠሉ ውስጥ በሚገኘው መዓዛማ ቅባት ነው፤ ቅባቱም ሙቀት ሲበዛበት በንኖ ይጠፋል። ክዳኑ የሚገጠመው እንግዲህ መድኀኒቱ ከእንፋሎቱ ጋር እንዳይሄድ ነው።

በዚህ ቅባት ውስጥ ቲሞልና ካርቫክሮል የሚባሉ ሁለት ንጥረ ነገሮች በብዛት ይገኛሉ። ቲሞልን ከአውሮፓ ጦስኝ መጀመሪያ ለይቶ ያወጣው ካስፓር ኖይማን ሲሆን፣ ዘመኑም 1719 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው። ሁለቱም የባክቴሪያን የሕዋስ ሽፋን ያፈርሳሉ። ስለዚህ ቲሞል ዛሬም በአንዳንድ የአፍ መጉመጥመጫ መድኀኒቶች ውስጥ ይጨመራል።

የደም ግፊት ነገር ግን ጥንቃቄ ይሻል። በእንስሳት ላይ የተደረገው ሙከራ ተስፋ ቢሰጥም፣ ለሰው በምን ያህል መጠን፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚበቃ ገና አልተወሰነም። ግፊት ደግሞ ሕመም ሳያሰማ ልብን፣ ኵላሊትንና አንጎልን የሚጎዳ በሽታ ነው። ሰውየው ጦስኙን ጠጥቶ ደኅና የሆነ ሲመስለው፣ በሽታው በውስጥ ሥራውን ይሠራ ይሆናል። ስለዚህ በቤታችሁ የግፊት ወይም የስኳር ሕመምተኛ ካለ፣ በጦስኝ ተማምኖ ሐኪም ያዘዘለትን ኪኒን እንዳይተው ንገሩት። ጦስኝ መጠጣቱንም ለሐኪሙ ይንገረው። የተፈጥሮ ቅጠል ነውና አይጎዳም የሚለው አነጋገር ልክ አይደለም። ኮሶም ትልን ያስወጣል፤ መጠኑ ሲበዛ ግን ዐይንን እስከ ማጥፋት የሚያደርስ ጉዳት እንዳለው ሐኪሞች ጽፈዋል።

ይህን ስል የአባቶችን ዕውቀት ማቃለሌ አይደለም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1964 በዐድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ አጠገብ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን ተመለከቱ። ነገሩን መርምረው እንዶድ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል አስረዱ። በ1989ም ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት ተቀበሉ። እንዶዱ የሴቶቹ የዘወትር ሳሙና ነበር፤ አዲሱ ነገር ጠይቆ መመርመሩ ነው። ጦስኝም እንደዚሁ ትዕግሥተኛ መርማሪ ይፈልጋል።

ተክሉ ካለቀ ግን መርማሪው ምን ይመረምራል? በገበያ ጦስኝ ፈላጊው ሲበዛ ለቃሚው ይቸኩላል። ቅርንጫፉን በማጭድ ከመቍረጥ ይልቅ ከነሥሩ ይነቅለዋል። የተቈረጠ ጦስኝ ከጕቶው ያቈጠቍጣል፤ የተነቀለ ግን ለዘንድሮ ሻይ ሆኖ ለሚመጣው ዓመት ዘር አያስቀርም። በዚህ ላይ እርሻው ወደ ተራራው እየወጣ፣ ከብቱም ያለ ልክ እየጋጠ ስፍራውን ያጠብበታል።

ተራራን መጠበቅ ለአገራችን አዲስ ትምህርት አይደለም። በመንዝ የጓሳ ምድር፣ ሕዝቡ ሣሩን ለተወሰኑ ዓመታት ከልሎ፣ ጊዜው ሲደርስ ብቻ በሥርዓት ያጭድ ነበር። ይህ የቀሮ ሥርዓት በእኛ አቈጣጠር እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ ለብዙ ትውልድ ቆይቷል። ለሣር ይህን ያህል የታሰበ ከሆነ፣ ለመድኀኒትማ እንዴት አይታሰብ?

ጓደኞቼ ሆይ፣ የእኛ ድርሻ ከባድ አይደለም። ከሽማግሌዎችና ከእናቶች ዘንድ ተቀምጠን እንጠይቅ፤ የትኛው ቅጠል፣ ለየትኛው ሕመም፣ በምን ያህል መጠን፣ ከምን ጋር እንደሚሰጥ እንጻፍ። ዐዋቂው ሲያልፍ ዕውቀቱ አብሮት ይቀበራልና። ሁለተኛም፣ ትምህርት ቤታቸው በደጋ የሆነ ተማሪዎች የጦስኝን ቅርንጫፍ ቈርጠው በግቢያቸው ይትከሉ፤ በቅርንጫፍ ይጸድቃል። እናንተም ወላጆች ከገበያ ስትገዙ ሥር ያለበትን አትቀበሉ። ገዢ ያጣ ለቃሚ ማጭድ መያዝን ይማራል።