ብስክሌት በደጋ ከተማ፦ ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ስለሚያደርሱ መንገዶች



የዛሬው ንግግሬ ርእስ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ሰው ወደ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በምን ይመጣል? በምንስ ይመለሳል? መንገዱንስ ለብስክሌት የሚመች ማድረግ ይቻላል ወይ? ርእሱን ሳሳውቅ ከባልደረቦቼ የመጣው የመጀመሪያ ጥያቄ «በዚህ ብርድና በዚህ ዳገት?» የሚል ነበር። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ ከእርሱ ልጀምር።

ሰሜን ሸዋን በብስክሌት እንዙር የሚል ሰው የለም። ከጣርማ በር ተነሥቶ በመዘዞ በኩል ወደ ሞላሌና ወደ መሐል ሜዳ የተጓዘ፣ ወይም ከለሚ አፋፍ ወደ ጀማ ሸለቆ ወርዶ እንደገና ወደ ዓለም ከተማ የወጣ ሰው፣ ያ ምድር የበቅሎና የእግር ምድር መሆኑን ያውቃል። የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ገደል ለብስክሌት አይራራም። ይሁን እንጂ ከተሞቻችን በአብዛኛው የተቆረቆሩት በገደሉ ውስጥ ሳይሆን ከገደሉ በላይ ባለው ሜዳ ላይ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ሰፊ ሜዳ ላይ ተዘርግታለች። መሐል ሜዳማ ስሟ ራሱ ይመሰክራል። ስለዚህ አገሩ ተራራማ ነው ማለትና የዕለት መንገዳችን ዳገት ነው ማለት ለየቅል ናቸው።

ነገሩን በቁጥር እንየው። ሰውና ብስክሌት አንድ ላይ 80 ኪሎ ግራም ቢመዝኑና በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ቢጓዙ፣ 2 በመቶ ተዳፋት ለመውጣት፣ ለሽቅቡ ብቻ፣ 65 ዋት ያህል ኃይል ይጠይቃል። ተዳፋቱ 6 በመቶ ሲሆን ይህ ወደ 200 ዋት ይጠጋል። ልዩ ሥልጠና የሌለው ጤነኛ ሰው ሳይዝል ሊያወጣ የሚችለው ከ75 እስከ 100 ዋት ነው። እንግዲህ መንገድ ስንመርጥ ዋናው ብልሃት ከአጭሩ መንገድ ይልቅ ለጥ ያለውን መፈለግ ነው። 300 ሜትር ዞሮ ዳገቱን የሚያመልጥ መንገድ ለብስክሌተኛ አጭር ነው።

የአየሩ መሳሳትም ይነሣል። በዚህ ከፍታ ያለው አየር በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ለእንግዳ ሰው ትንፋሽ ያሳጥራል። እዚሁ ተወልዶ ላደገ፣ ወይም ለከረመ ሰው ግን በዝግታ ለመንዳት የሚበቃ ነው። በዚያ ላይ የሳሳ አየር ጋላቢውን የሚገታው በዚያው መጠን በጥቂቱ ነው። ቤልጂየማዊው ኤዲ መርክስ እ.ኤ.አ. በ1972 የአንድ ሰዓት የዓለም ክብረ ወሰን ለመስበር ወደ ሜክሲኮ ሲቲ የሄደው ስለዚህ ነበር። ደብረ ብርሃን ከሜክሲኮ ሲቲ ከ500 ሜትር በላይ ትበልጣለች። (ክብረ ወሰን ስበሩ እያልሁ አይደለም፤ ትምህርት ሳይጀመር ድረሱ ነው የምለው።) በእኔ ግምት የእኛ እውነተኛ ጠላት ዳገቱ ሳይሆን በገላጣው ሜዳ ላይ የሚነፍሰው ነፋስ ነው። ለዚህ ደግሞ መድኃኒቱ በእጃችን ነው። በመንገዱ ዳር ያለውን ዛፍ አለመቁረጥ፣ በሌለበትም መትከል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልለፍ። ስለ ዩኒቨርሲቲና ስለ ብስክሌት የተጻፈውን የአውሮፓ ጽሑፍ ስናነብ የምናገኘው ተመላላሽ ተማሪ ነው፤ በከተማው ቤት ተከራይቶ ጠዋት መጥቶ ማታ የሚመለስ ወጣት። የእኛ አገር የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ እንዲህ አይደለም። የመደበኛው ተማሪ አብዛኛው መኝታው፣ ምግቡም፣ ቤተ መጻሕፍቱም በግቢው ውስጥ ነው። ታዲያ በየቀኑ የሚመላለሰው ማን ነው? የምግብ ቤት ሠራተኛዋ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ፣ የጥበቃ ባልደረባው፣ የቢሮ ሠራተኛው፣ መምህሩ፣ የማታና የቅዳሜና እሑድ ተማሪው። ለተግባር ልምምድ ወደ ሆስፒታል የሚሄዱት የጤና ተማሪዎችም አሉ።

ይህ ልዩነት መንገዱን ይለውጠዋል። ቁርስ ለጠዋቱ 1 ሰዓት እንዲደርስ ምድጃው ገና በጨለማ መለኮስ አለበት። ስለዚህ የመጀመሪያዋ ተመላላሽ ከቤቷ የምትወጣው ከሌሊቱ 10 ወይም 11 ሰዓት ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ባጃጅ እንደ ልብ አይገኝም፤ ቢገኝም ሂሳቡ ከደመወዟ ጋር አይመጣጠንም። በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ መሬቱ ውርጭ ለብሶ ያድራል። 3 ኪሎ ሜትር በእግር 36 ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ በብስክሌት 12 ደቂቃ። በጨለማና በብርድ፣ ውሻና ጅብ በሚዞርበት ሰዓት፣ የ24 ደቂቃ ልዩነት ምን ማለት እንደሆነ በእግራቸው የሚሄዱት ያውቁታል። የብስክሌት መንገድ ዕቅድ በእኩለ ቀን ለሚንሸራሸር ሰው ከተነደፈ ለእነዚህ ሰዎች አልተነደፈም ማለት ነው። ከቀለም ቅብ በፊት መብራት ይቀድማል።

ቀጥሎ የሚመጣው አውራ ጎዳናው ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴና ወደ መቀሌ የሚሄደው መንገድ ከተማዋን መሐል ለመሐል ሰንጥቆ ያልፋል። የረጅም ርቀት አውቶቡሱም፣ ተሳቢ ያለው የጭነት መኪናም፣ ከፋብሪካዎቹና ከኢንዱስትሪ ፓርኩ የሚወጣው ከባድ ተሽከርካሪም በእርሱ ላይ ነው። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት ዘገባ በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በትራፊክ አደጋ ይሞታል፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና ባለ ሞተር ሳይክሎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የስቶክሆልም መግለጫ እግረኛና ተሽከርካሪ በሚቀላቀሉበት ቦታ ፍጥነቱ ከ30 ኪሎ ሜትር በሰዓት እንዳይበልጥ የመከረው ያለ ምክንያት አይደለም። በአስፋልቱ ጠርዝ ላይ ነጭ መስመር ሠርቶ «ይህ የብስክሌት ነው» ማለት፣ በእኔ እምነት፣ ሰውን ወደ አደጋ መጋበዝ ነው። መስመር ተሳቢ አያቆምም።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ብስክሌቱ አውራ ጎዳናውን ይተውና ውስጥ ለውስጥ ይሂድ የሚል ነው። ከየሰፈሩ ተነሥተው ወደ ግቢው በሚያመሩ የሰፈር መንገዶች ላይ ሁለት ወይም ሦስት መስመር መርጦ ማያያዝ ይቻላል። መስመሮቹ ጎዳናውን የሚያቋርጡት በጥቂት ቦታ ብቻ መሆን አለበት፤ በዚያም ቦታ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ፣ ከፍ ያለ ማቋረጫና ጥሩ መብራት ይኑር። ገንዘቡ ሁሉ በየቦታው ተበትኖ ከሚጠፋ በእነዚያ ማቋረጫዎች ላይ ቢውል እመርጣለሁ።

ከኮብልስቶን ጋር የሚያያዝ አንድ ጉዳይ አለ። የኮብልስቶን መንገድ ጭቃንና አቧራን አስቀርቶልናል፤ ለብዙ ወጣትም እንጀራ ሆኗል። ለብስክሌት ግን ይነቀንቃል፤ ፊቱ ያልተስተካከለ ድንጋይና ጠጠር የጎማውን እንቅስቃሴ ስለሚገቱ በሜዳ ላይ የ1 በመቶ ያህል ዳገት እንደ መጨመር ነው። መፍትሔው መንገዱን ማፍረስ አይደለም። በአንድ ጠርዝ በኩል 1.5 ሜትር ስፋት ያለው ለስላሳ መስመር በኮንክሪት ወይም ፊቱ በተጠረበ ድንጋይ ማስገባት ይበቃል። የሕፃን ጋሪ የምትገፋ እናትም፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰውም ይጠቀምበታል። የጎርፍ ቦዩ ግን መከደን አለበት፤ ክዳኑም ክፍተቱ ከጎማው አቅጣጫ ጋር ትይዩ ከሆነ ጎማ ይውጣል። በሐምሌና በነሐሴ ጉም ሲወርድ ክፍት ቦይ የማይታይ ጉድጓድ ነው።

ከበሩ ወዲህ ያለው ሥራ ቀላል ነው፤ ፈቃድ የሚጠይቅ እንጂ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። ብስክሌት የያዘ ሰው ከእግረኛው የፍተሻ ሰልፍ ጋር እንዳይጋፋ ለብቻው አንዲት ጠባብ መግቢያ ይሰጠው። ማቆሚያው በበሩ አጠገብ ሳይሆን በየሕንፃው ደጃፍ፣ ዘበኛ በሚያየው ቦታ፣ ከበረዶና ከፀሐይ በሚያድን ጣሪያ ሥር ይሁን። የውሃ ቧንቧ ብረት ጎብጦ በሲሚንቶ ከተተከለ ፍሬሙንና ጎማውን አንድ ላይ ለመቆለፍ ይበቃል፤ ይህንንም የራሳችን ወርክሾፕ በጥቂት ቀን ሊሠራው ይችላል። በማቆሚያው አጠገብ አንድ ጎሚስታና ንፋስ መሙያ ከሌለ፣ መጀመሪያ የፈነዳ ጎማ የመጀመሪያውን ብስክሌት ከግድግዳ ያስደግፈዋል፤ እዚያውም ይቀራል።

ማን ይነዳዋል የሚለውም መታሰብ አለበት። ከመንዝ ወይም ከግሼ ራቤል የመጣ ወጣት በልጅነቱ ፈረስ ጋልቦ ይሆናል፤ ብስክሌት ግን ላይነዳ ይችላል። ለሴቶች ችግሩ ይበልጣል፤ የሰው ዓይን አለ፣ ቀሚሱም አለ። ከላይ እንዳልሁት ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅማት በሌሊት የምትወጣዋ ሴት ከሆነች፣ በቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በስፖርት ሜዳው ለሴቶች ብቻ ማለማመጃ ሰዓት መመደብና መሐል ብረቱ ዝቅ ያለ ብስክሌት ማዘጋጀት የዕቅዱ ጌጥ ሳይሆን የዕቅዱ አካል ነው።

ብስክሌት ለእኛ ባዕድ አይደለም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት የሜልቦርን ኦሊምፒክ፣ እ.ኤ.አ. በ1956፣ ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞችም ነበሩ። ባሕር ዳርም ለዘመናት የብስክሌት ከተማ ተብላ ኖራለች። ሜዳ ናት፣ ጎዳናዎቿ ሰፊ ናቸው፣ ሴቱም ወንዱም ይነዳ ነበር። ባጃጅ ሲበዛ ግን ብስክሌቱ ወደ ዳር ተገፋ። ልማዱ ነበረ፤ የተጠበቀ ቦታ ግን አልነበረውም። በቅርብ ዓመታት አዲስ አበባ ውስጥ በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመር ተሠርቷል፤ እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2029 የሚዘልቅ ሞተር አልባ ትራንስፖርትን የሚመለከት አገራዊ ስትራቴጂም አለ። ስለዚህ ከከተማው ጋር ስንነጋገር ከባዶ አንነሣም።

ሆኖም ከማንኛውም ግንባታ በፊት ቆጠራ ያስፈልጋል። በየበሩ በየትኛው ሰዓት ስንት ሰው፣ ከየትኛው ሰፈር፣ በምን እንደሚገባ የሚሞላ አንድ ገጽ ቅጽ አዘጋጅቻለሁ፤ በአዳራሹ መውጫ ጠረጴዛው ላይ ታገኙታላችሁ። ለእያንዳንዱ በር ሁለት ሁለት በጎ ፈቃደኞች እፈልጋለሁ። ቆጠራው የሚጀምረው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው፤ ጋቢና ባትሪ ይዛችሁ ኑ።

 ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።