ዱሩን ማን ይጠብቀው?



ዛሬ የምንነጋገረው በአፍሪካ ስለ ዱር እንስሳት ጥበቃ ነው። ጥበቃ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን አጥርና ጠመንጃ የያዘ ዘበኛ ነው። በናሚቢያ የሆነው ግን ሌላ ነው።

በሰሜን ምዕራብ ናሚቢያ ኩኔኔ የሚባል ደረቅ አገር አለ። ሄሬሮና ሂምባ የተባሉ ከብት አርቢዎች ይኖሩበታል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ አገሪቱ ገና በደቡብ አፍሪካ አገዛዝ ሥር ሳለች፣ ከባድ ድርቅ መጣና ከብቱ አለቀ። የተራበው ለሥጋ አደነ፤ ሌላው የዝሆን ጥርስና የአውራሪስ ቀንድ ሊሸጥ አደነ። አውሬው በሕግ የመንግሥት ነበር፤ ለአርቢው የተረፈው ጉዳቱ ብቻ ነው። ታዲያ ለምን ብሎ ይጠብቀው?

ጋርት ኦወን ስሚዝ የተባለ የጥበቃ ባለሙያና የሄሬሮው ሹም ጆሹዋ ካንጎምቤ ተመካከሩ። ሹማምንቱ ከገዛ ሰዎቻቸው ጠባቂ መረጡ። የሚከፈላቸው ቀለብና ጥቂት ገንዘብ ነበር። ሥራቸው መተኮስ ሳይሆን ማየትና መናገር ነው። ዱካ ያነባሉ፤ ማን ወደ ዱር እንደወጣም ከመንደሩ ይሰማሉ። ከዘበኛ መደበቅ ይቻላል፤ ከጎረቤት ግን እንዴት ይደበቃል?

ናሚቢያ በ1990 ነጻ ወጣች። በ1996 የወጣው ሕግ ደግሞ ተደራጅቶ ለተመዘገበ ማኅበረሰብ አውሬውን የማስተዳደርና ከቱሪዝም የመጠቀም መብት ሰጠ። ዛሬ እንዲህ ያሉ የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታዎች ከ80 በላይ ናቸው።

ነገሩ ቀላል ነው አንልም። አንበሳ ፍየል ይበላል፤ ዝሆን የውኃ ቧንቧ ይሰብራል። በኮሮና ጊዜ ቱሪስት ሲቀር ገቢውም ወደቀ። አውራሪስም ዛሬም ይታደናል። የጥበቃውን ዋጋ መጀመሪያ የሚከፍለው እዚያው የሚኖረው ሰው ነው፤ ስለዚህ ጥቅሙም ውሳኔውም መጀመሪያ የእሱ መሆን አለበት።

ይህ ለአገር ቤት ሰው እንግዳ ነገር አይደለም እኮ! በመንዝ፣ በጓሳ ምድር፣ ቄሮ የሚባል የቆየ ሥርዓት ነበር። ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነው የጓሳ ሣር እንዲያገግም ቦታው ለዓመታት ይዘጋል፤ ሕዝቡ በመረጠው አለቃ ሥር ተራ ገብቶ ይጠብቃል፤ ጊዜው ሲደርስ ይከፈታል። ሣሩ ሲጠበቅ ቀይ ቀበሮውና ጭላዳውም መኖሪያ አገኙ። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ የድሮውን ሥርዓት አፈረሰው፤ በኋላ ግን ነዋሪዎቹ ኮሚቴ መርጠው፣ መተዳደሪያ ደንብ አውጥተው ጥበቃውን ቀጠሉ።

ወጣቶች ሆይ፣ እንዲህ ያለ እውቀት በቤታችን አለ። የቱ ዛፍ እንደማይቆረጥ፣ የግጦሹ መሬት መቼ እንደሚዘጋ፣ ደንብ የጣሰ እንዴት እንደሚዳኝ ወላጆቻችን ያውቃሉ። እንጠይቃቸው፤ እንጻፈው። ወላጆችም፣ አማርኛችን ቢሰባበርም ታገሡን፤ ንገሩን።