የሚያስታምሙ ልጆች

አቅራቢ 1፦ ከሆሳዕና፣ ከዱራሜና ከአካባቢያቸው ብዙ ወጣት ወደ ደቡብ አፍሪካ ይሰደዳል። ቤት የቀረ አዛውንት ሲታመም ማስታመሙ አንዳንዴ በልጅ ትከሻ ላይ ይወድቃል። ልጁ ውኃ ቀድቶ፣ በሽተኛውን አጣጥቦ፣ መድኃኒቱን ሰጥቶ ትምህርት ቤት ሲደርስ ደወሉ ተደውሏል።

አቅራቢ 2፦ ለእንዲህ ያለው ልጅ ድጋፍ የሚመጣው በቤተሰቡ በኩል ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም በታቀፉ ወረዳዎች፣ ሠርቶ የሚያድርበት ጉልበት ለሌለው ድሃ ቤተሰብ ያለ ሥራ ግዴታ ቀጥታ ድጋፍ ይሰጣል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደግሞ የሕክምና ወጪን ያቃልላል።

አቅራቢ 1፦ ገንዘቡ ወሳኝ ነው፤ ልጁን ግን ከማስታመም አያሳርፈውም።

አቅራቢ 2፦ በእንግሊዝ በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ የአካባቢ አስተዳደሮች የአስታማሚ ልጆችን ችግር እንዲያጣሩ ያስገድዳል። እዚህም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ለቤት ስትዞር አስታማሚው ማን እንደሆነ ብትመዘግብና ለትምህርት ቤቱ ብታሳውቅ፣ ያረፈደው ልጅ ከበር አይመለስም።