የኮሪደሩ ባልዲ



አስተባባሪዎቹ «ስለ ሙያህ አሥር ደቂቃ ተናገር» ሲሉኝ ስለ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የማወራ መስሏቸው ነበር። ይቅርታ አድርጉልኝና የማወራው በመጀመሪያው ሴሚስተር ስለተማርናት፣ ብዙዎቻችን ለፈተና ሸምድደን ስለረሳናት ነገር ነው፤ ስለ ግሎባልና ሎካል ቫሪያብል።

ቫሪያብል ስም የተለጠፈበት ዕቃ ማስቀመጫ ነው እንበል። ጥያቄው ስሙ እስከ የት ድረስ ይታወቃል ነው። ፈንክሽን ውስጥ የተፈጠረው ሎካል ነው፤ ፈንክሽኑ ሥራውን ሲጨርስ አብሮ ይጠፋል፣ በሚቀጥለው ጥሪ እንደ አዲስ ይፈጠራል። ከፈንክሽኖቹ ውጭ፣ ከላይ የተጻፈው ግን ግሎባል ነው፤ ፕሮግራሙ እስኪዘጋ ይኖራል፣ ሁሉም ያየዋል፣ ሁሉም ይነካዋል።

ዶርም የኖረ ሰው ይህን ለመረዳት መጽሐፍ አያስፈልገውም። የራሳችን ባልዲ ሲኖረን «ባልዲዋን አቀብለኝ» ከተባለ የክፍላችን ባልዲ ናት። ከሌለን ኮሪደር ወጥተን የጋራዋን እናነሳለን። ኮምፒውተሩም ስም ሲጠራለት መጀመሪያ ውስጥ ይፈልጋል፣ ካጣ ወደ ውጭ ይወጣል። የጋራዋ ባልዲ ችግሯ ምን ነበር? ከእናንተ በፊት ካልሲ ያጠበው ልጅ ውኃውን ሳይደፋ ሄዷል። (ልጁ ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለ፤ ስሙን አልጠራም።)

እኔ ግን ነገሩ የገባኝ ከተመረቅኩ በኋላ፣ በሰው ደመወዝ ላይ ነው። በመጀመሪያው መሥሪያ ቤቴ የደመወዝ ማስሊያ ፕሮግራም በሲ ፕላስ ፕላስ ጻፍኩ። የብድር ተቀናሹን ቫሪያብል ከላይ፣ ግሎባል አድርጌ አስቀመጥኩት። ፈንክሽኑ ሠራተኛው ብድር ካለበት መጠኑን እዚያ ይጽፋል፤ ከሌለበት ሳይነካው ያልፋል። ከዚያ ያንኑ ቫሪያብል ከደመወዙ ይቀንሳል። ስሞክረው ሠራ። የሞከርኩት በአምስት ሰው ዝርዝር ነበር፤ ብድር ያለባት አንዷ የመጨረሻዋ ነበረች። ከእሷ በኋላ ሰው የለም!

ወሩ ሲደርስ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ወረቀታቸውን ይዘው መጡ። 400 ብር ተቀንሶባቸዋል። «ልጄ፣ እኔ በዕድሜዬ ተበድሬ አላውቅም፤ የማንን ዕዳ ነው የምከፍለው?» አሉኝ። «አባባ፣ ኮምፒውተር አይሳሳትም» አልኳቸው። ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ። ማታ ዝርዝሩን ሳየው ከሳቸው በላይ ያለው ሰው በወር 400 ብር ብድር የሚከፍል ነው። ጥያቄያቸው ቃል በቃል ትክክል ነበር። ከሳቸው በታች ደግሞ ሌሎች ስድስት ሰዎች ያው 400 ብር ተቆርጦባቸዋል። አንዳቸውም አልመጡም፤ እሳቸው ባይመጡ ኖሮ በሚቀጥለውም ወር እቆርጥባቸው ነበር።

መፍትሔው ያችን መስመር ፈንክሽኑ ውስጥ ማስገባት ነበር፤ ከዜሮ ጋር። «ከዜሮ ጋር» የምለው በምክንያት ነው። ሲ ፕላስ ፕላስ ግሎባሉን ቁጥር ራሱ ከዜሮ ያስጀምርላችኋል፤ ለሎካሉ ግን ይህን አያደርግም፣ ዋጋ ካልሰጣችሁት ውስጡ ምን እንዳለ አይታወቅም። ጀማሪን ወደ ግሎባል የሚስበው አንዱ ይህ ይመስለኛል።

አሁን የማስተምራቸው ልጆች የሚጀምሩት በፓይተን ነው፤ እዚያ ወጥመዱ ተገላቢጦሽ ነው። ፈንክሽን ውስጥ ለአንድ ስም ዋጋ ከሰጣችሁ ፓይተን አዲስ ሎካል አድርጎ ይወስደዋል፣ የላይኛው አይነካም። ከላይ «ነጥብ» ዜሮ ያለው ልጅ ውስጥ 10 ይለዋል፣ ወጥቶ ሲያትመው ያው ዜሮ። «ቲቸር፣ ኮምፒውተሩ ተበላሸ!» በነጥቡ ላይ አንድ ልደምር ካለማ ጭራሽ ስህተት ብሎ ይቆማል፤ ሎካሉ ገና ዋጋ የለውማ። «ግሎባል» የምትለዋን ቃል ቢጽፍ ይሠራለታል። እኔ ግን መጀመሪያ እሷን አላሳይም፤ በፓራሜትር አስገባ፣ በሪተርን አውጣ ነው የምለው። ዊሊያም ዉልፍና ሜሪ ሾው ግሎባል ቫሪያብል ጎጂ ነው ብለው የጻፉት እ.ኤ.አ. በ1973 ነው፤ እኔ በራሴ መንገድ ደረስኩበት። የማይለወጥ ነገር ሲሆን፣ ለምሳሌ ከሠራተኛው የሚቆረጠው 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ፣ ከላይ በኮንስታንት ቢቀመጥ አልጣላም።

የሰባቱም ሰዎች ገንዘብ በሚቀጥለው ወር ተመለሰ። አባባ ግን ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቦርሳዬን ሲፈትሹ «ዛሬስ የማንን ዕዳ ይዘህ መጣህ?» ይሉኝ ነበር።